ተኳሿ የታመመችበት ዓመት

ሥራዋን ሲጠይቋት «ተኳሽ ነኝ» ትል ነበር። ሰው ደንገጥ ሲልላት ደግሞ «ሸሚዝ ነው የምተኩሰው፤ አይዞህ፣ ሰው አልነካም» ብላ ትስቃለች። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ላውንድሪ ቤት ካውያ ይዛ ቆማለች። ባሏ ልጃቸው ገና አንደኛ ክፍል ሳለች ሞቶባት፣ ያቺን አንዲት ልጅ ብቻዋን አሳድጋ ለመምህርነት አብቅታለች። አንገት፣ እጅጌ፣ ደረት፣ ጀርባ እያለች አንድ ሸሚዝ በአራት ደቂቃ ስታወጣ የሚደርስባት አልነበረም።

ሕመሙ መጣሁ ብሎ አልመጣም። መጀመሪያ እንቅልፏ ሄደ፤ ጎህ ሳይቀድ ነቅታ ጣሪያ ጣሪያ ታያለች። ቀጥሎ ምግቡ እንጨት እንጨት አላት። ከዚያ ቀልዱ ቀረ። ምን ሆነሻል ሲሏት «ድካም ነው» ትላለች። እውነትም ድካም ነበር፤ ተኝተው የማይወጣላቸው ዓይነት ድካም። ቀሚሷን ለመልበስ አልጋው ጠርዝ ላይ ግማሽ ሰዓት የምትቀመጥባቸው ቀናት ነበሩ።

አንድ ማክሰኞ ካውያውን የሰው ነጭ ሸሚዝ ላይ አድርጋ ቆመች። ቆመች፣ በቃ። የቃጠሎው ሽታ ቤቱን ሲሞላ አጣቢዋ ከጓዳ ሮጣ መጥታ ሶኬቱን ነቀለችው። አጣቢዋ አብራት ለዓመታት የሠራች፣ አፏ የማያርፍ፣ ልቧ ግን የዋህ ሴት ናት።

«አንቺ! ቤቱን ልታቃጥይው ነው እንዴ?»

ተኳሿ ሸሚዙ ጀርባ ላይ የቀረውን ቡናማ የካውያ ቅርጽ አየችው። ማፈር ነበረባት፤ አላፈረችም። መደንገጥ ነበረባት፤ አልደነገጠችም። ያስፈራት ይኸው ስሜት ማጣቷ ነው። ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ «እኔ እንጃ፣ እኔ እንጃ» አለች።

አጣቢዋ ለልጅቷ ደወለች። ልጅቷም በማግስቱ ከትምህርት ቤት አስፈቅዳ እናቷን ጤና ጣቢያ ወሰደቻት።

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ ግን አይቸኩልም። ስለ እንቅልፏ፣ ስለ ምግቧ፣ ድሮ ደስ ይሏት ስለነበሩ ነገሮች አንድ በአንድ ጠየቃት። ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀምጦ፣ «ሕይወትዎን የማጥፋት ሐሳብ መጥቶብዎ ያውቃል?» አላት።

ልጅቷ ወንበሯ ላይ ተቁነጠነጠች።

«ላጥፋ አላልኩም» አለች ተኳሿ። «ግን ስተኛ፣ ነገ ባልነቃ ምን ነበረበት እላለሁ።»

ልጅቷ ይህን ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። የእናቷን እጅ ያዘች።

«ድባቴ ይባላል» አለ ሐኪሙ። «የእርስዎ መካከለኛ ደረጃ ላይ ነው። ስንፍና አይደለም፤ ይታከማል።» በየጠዋቱ ከምግብ በኋላ የምትውጠው ኪኒን አዘዘላት። «ቶሎ አይሠራም፤ አራትም ስድስትም ሳምንት ይፈልጋል። መጀመሪያ ሊያቅለሸልሽዎ፣ አፍዎን ሊያደርቀው ይችላል። ብቻ በራስዎ እንዳያቋርጡት። ያ ሐሳብ ከበረታብዎ ደግሞ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይምጡ።» በዚያ ላይ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት የእግር ጉዞ፣ ቋሚ የመኝታ ሰዓት፣ ቀን አለመተኛት።

«ቀኑን ሙሉ ቆሜ የምውለው ሴትዮ ደግሞ ልራመድ?»

«መቆምና መሄድ ይለያያል እኮ» አላት።

ዐሥራ አንድ ቀን ዋጠች። ማቅለሽለሹ መጣ፤ ደስታው አልመጣም። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ታላቅ ወንድሟ ሊጠይቃት መጥቶ ኪኒኑን አገላብጦ አየና፣ «ይኼማ የእብድ መድኃኒት ነው! አንዴ ከለመድሽው አለቀልሽ። ጠንከር በይ እንጂ!» አላት። ጠንከር የምትልበት አቅም ጠፍቶባት እንደታመመች ማን ይንገረው? «እሺ ጋሼ» ብላ ኪኒኑን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

በሳምንቱ ከአልጋ አልነሳም አለች። ልጅቷ መሳቢያውን ስትከፍት ሳይዋጥ የቀረውን ኪኒን አገኘችው። አልጮኸችም፤ ጋሼ ያለውን ከእናቷ አፍ ሰማች።

«እማ፣ ጋሼ የስኳር መድኃኒቱን ሲውጥ ስንት ዓመቱ ነው? እሱ ለምን ጠንከር አይልም?»

ተኳሿ ልትስቅ ፈለገች፤ ፊቷ እምቢ አላት። ግን ተነስታ አብራት ሄደች። ሐኪሙ ሳይቆጣ ከትንሹ መጠን እንደገና አስጀመራት።

የእግር ጉዞውን አጣቢዋ ያዘችው። በየጠዋቱ በር ላይ ቆማ «ውጪ!» ትላለች። አውቶቡሱን ትተው በጋራዦቹና በትምህርት ቤቱ አጥር በኩል በእግራቸው ሥራ ይገባሉ። ተኳሿ መንገዱን ጠላችው። እግሯ ድንጋይ ነው። አጣቢዋ ስለ ባሏ ማንኮራፋት፣ ስለ ጎረቤቷ ሌባ ድመት ታወራለች፤ እሷ «እህ» ትላለች። አንዳንድ ቀን «እህ»ም አይወጣት።

ኪኒኑን እንደገና ከጀመረች በስድስተኛው ሳምንት ገደማ መንገድ ሊሻገሩ ቆመው ሳለ፣ ከፊታቸው አንድ ሰውዬ ነበር። ተኳሿ ማጅራቱን ትኩር ብላ አየችው።

«ማነው ይኼን ኮሌታ እንዲህ አድርጎ የተኮሰው?» አለች ጮክ ብላ። «ሁለት ቦታ እጥፍ! አያፍሩም?»

ሰውየው ዞረ። አጣቢዋ ጎትታ አሻገረቻትና፣ ማዶ ሲደርሱ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን አበሰች።

«ምን ሆንሽ?»

«አቧራ ነው።»

በዚያ ቀን ዳነች ማለት አይደለም። እንቅልፏ በትንሽ በትንሹ ተመለሰ፤ ምግብ መጣፈጥ ጀመረ። በአራተኛው ወር ግን ያለ አንዳች ምክንያት ሁለት ሳምንት ሙሉ እዚያው ጨለማ ውስጥ ከረመች፤ ሐኪሙ መጠኑን ከፍ አደረገላት። ወንድሟ ኪኒኑን አሁንም አይወደውም። ቢሆንም አንድ እሁድ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆም ብሎ፣ «ውጠሻል?» ብሎ ጠየቃት።

አሁን ሕክምናውን ከጀመረች ዘጠነኛ ወሯ ነው። በቅርቡ ሐኪሙን «ከተሻለኝ ለምን አላቆመውም?» ብላው ነበር። «ጥቂት ወር እንቆይ፤ ከዚያ አብረን ቀስ እያልን እንቀንሳለን» አላት። አልተከራከረችም። አንዳንድ ጠዋት አሁንም ብርድ ልብሱ ይከብዳታል። ቢከብዳትም ትነሳለች፣ ትቀማምሳለች፣ ኪኒኗን ትውጣለች፣ ጫማዋን ታስራለች።

ትናንት አጣቢዋ ጉንፋን ይዟት ቀረች። ተኳሿ ደጅ ወጥታ አውቶቡሱ ሲመጣ አየችው፣ ትንሽ አመነታች፣ ሲያልፍም አየችው። ብቻዋን በእግሯ ሄደች። ላውንድሪው ስትደርስ ላብ በላብ ሆና ነበር። ውኃ ጠጣችና ካውያው እስኪግል ወንበር ስባ ተቀመጠች።