ጠዋት ጠዋት የሚቆራርጠው ሞተር

በኮሮናው ጊዜ ዓረብ አገር በሠራተኝነት በምሠራበት የጁሜይራ ቤት አንዲት ቀይ አሮጌ የስፖርት መኪና ነበረች። ባባ የምንለው አሠሪዬ ከአባቱ የወረሳት ናት፤ ሻርጃ ከተማ በሚገኝ ጋራዥ ሞተሯን አስፈትቶ እንደ አዲስ አሠርቷታል። ጋራዥ የሚያመላልሳት የወሎ ልጅ የሆነው ሾፌራችን ነበር።

ነገሯ ግራ ያጋባል። ከሻርጃ ስትመለስ ደህና ናት። በማግስቱ ጠዋት ስትነሳ ግን ሞተሩ ይቆራርጣል፣ እየተንገጫገጨች ከግቢ ትወጣለች። ሻርጃ ስትደርስ ደግሞ ተሽሏታል፤ መካኒኩም ምንም አላገኘሁም ብሎ ይመልሳታል።

አንድ ቀን ሳህን ሳጥብ ባባ ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶ ኩሽናው በር ላይ ቆመ።

«ሾፌሩ አዲሱን ዕቃ እያወጣ አሮጌ ይገጥምባታል» አለኝ በዝግታ። «ዐጅማን ከተማ ዘመድ አለው፣ እዚያ ይሸጥለታል። ቋንቋችሁ አንድ ነው፤ በስልክ የሚያወራውን ስሚልኝ። እውነት ከሆነ ቪዛውን አሰርዛለሁ።»

ሰው ፊት ቀና ብዬ ማውራት አይሆንልኝም። እሺ አልኩ።

ከዚያ በኋላ የሾፌሩ ነገር ሁሉ ያጠራጥረኝ ጀመር። ስልክ ሲያነሳ ወደ አጥሩ ዞር ማለቱ፣ ማንም ሳያዘው ኮፈኑን ከፍቶ ማጎንበሱ። «ሻርጃ» የሚል ቃል ከአፉ ሲወጣ መጥረጊያዬ ባለበት ይቆማል።

አንድ ከሰዓት ከሻርጃ ሲመለስ ከፎቅ መስኮት ሆኜ ጠበቅሁት። ቁልፉን ደረጃው ላይ አስቀምጦ ራቅ አለ። ከውጭ የገባ ሁሉ መረጨቱ የቤቱ ደንብ ነበር። ባባ ክሎሪን የተቀላቀለበትን ውሃ ይዞ ወጣ። ቁልፉን ረጨ፣ ወንበሮቹን ረጨ። ከዚያ ኮፈኑን ከፍቶ የመካኒኩ እጅ የነካውን ሁሉ፣ ሞተሩን፣ የካንዴላዎቹን ገመዶች ሳይቀር አራሰና መኪናዋን በላስቲክ ሸፍኗት ገባ።

እራት ሳቀርብ ባባ ሚስቱን፣ ማዳምን፣ «ነገም ከቆራረጠች ኸላስ፣ አበቃ፣ ሾፌሩ ይሄዳል» ሲላት ሰማሁ።

ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ቀና አልኩ። «ባባ፣ ዛሬ ሞተሯን በውሃ ረጭተኸዋል። ጠዋት ከመነሳቷ በፊት በጨርቅ ብትደርቅስ?»

«ያንቺ ሹግል፣ ያንቺ ሥራ ኩሽና ነው» አለኝ። ማዳም ሳቀች።

ጠዋት ግን ባባ ራሱ ጨርቅ ይዞ ወጣ። እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን ክዳን ሲያነሳ ውስጡ ላብ እንዳላበው ግንባር ረጥቧል። ወለወለው፣ ገመዶቹንም አደረቀ፣ አስነሳት። ሞተሩ አንዴም ሳይቆራርጥ ሠራ። ባባ ሾፌሩን ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው በአጠገቤ ሲያልፍ «ቢሆንም ዓይንሽን ከሱ ላይ አታንሺ» አለኝ።

ቆሻሻ ልደፋ ስወጣ ሾፌሩን አገኘሁትና እውነቱን ነገርኩት። «እንድሰልልህ አዞኝ ነበር።»

«ዋላሂ አውቄያለሁ፣ እህቴ» ብሎ ሳቀ። «መጥረጊያ ይዘሽ ስትገተሪ ወለሉ ራሱን አይጠርግማ!»

እኔም ልስቅ ስል «አንቺስ ከማን ጋር በስልክ እንደምታወሪ ባባ የሚጠይቀው ማንን ይመስልሻል?» አለኝ።

«ምን ትለዋለህ?»

ማስኩን ወደ አፍንጫው ሳብ አደረገና መኪናዋን መወልወል ጀመረ።