ከጎን የታየ ፊት

ባለፈው ሳምንት ከላቪንግተን ወደ ሁርሊንግሃም ስመጣ ታክሲው ውስጥ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጥሁ። ዝናብ ነበር፤ መንገዱም ተዘጋግቶ ብዙ ቆየን። ናይሮቢ መሪው በቀኝ ነውና፣ የሚታየኝ የሰውየው ግራ ጉንጭ፣ አንድ ጆሮና አንድ ዓይን ብቻ ነበር። ለማንም ያልተናገርሁት አንድ ቅዳሜ የታወሰኝ ያን ጊዜ ነው።

በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ፣ ገና ሠላሳ ሳይሞላኝ፣ ሁርሊንግሃም ካሉት ያገራችን ሰዎች ምግብ ቤቶች በአንዱ ጓሮ ለሐበሻ ልጆች ሥዕል አስተምር ነበር። መስመር፣ ቅርጽ፣ ቀለም፤ ከዚያ አላልፍም። ከማድ ቤቱ የሚመጣው የቁሌት ሽታ ወረቀቱ ውስጥ ሳይቀር ይገባ ነበር። ሙያውን የቀሰምሁት ከአንድ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ስለ ነበር፣ ስለ መስመር ሳስረዳ የሰማሁትን ደገምሁላቸው፦ በጥንቱ ሥዕላችን ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሣላል፤ ክፉ ግን ከጎን፣ ባንድ ዓይን። ልጆቹ ይህን ወደዱት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከቤተሰባቸው አንድ ሰው እንዲሥሉ አዘዝኋቸው። ሊዲያ የምትባል ዝምተኛ ልጅ አባቷን ሣለች። አባቷ ከኢምባካሲ ዕቃ የሚያመላልስ ሹፌር ነበር፤ ከጥቂት ወራት በፊት በሞያሌ መንገድ መኪናው ተገልብጦ ሞቷል። የሣለችው ከጎን ነበር።

«ቲቸር! የሊዲያ አባት ሰይጣን ነው እንዴ?» አለ አንዱ። ሌሎቹ ሳቁ።

እናቷ ወይዘሮ አስቴር ልትወስዳት ቀደም ብላ መጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ወረቀቱን አንሥታ አየችው።

«መምህር፣ ሁለተኛውን ዓይን ይጨምሩበት» አለችኝ በዝግታ። «ቤቴ ሰው ይገባል። ባሌን ክፉ አድርጌ አልሰቅልም።»

እርሳሱን አነሣሁ። ሊዲያ መዳፏን ሥዕሉ ላይ ዘረጋች።

«ሃፓና፣ ተው፣ ቲቸር። ስኩል ሲወስደኝ እንዲህ ነው የማየው። ከጨመርክበት እሱ አይሆንም።»

እናቲቱ የልጅቷን እጅ ቀስ ብላ አነሣች። ከጆሮው ሥር አጭር መስመር ነበረች።

«ጠባሳውንም ሣልሽው?»

«በዚህ በኩል ነው እኮ፣ ማሚ።»

«ስታወሪው እንኳ ዞሮ አያይሽም ነበር?»

«አንቺ አይደለሽ እንዴ ‹ወደ ፊት እያየህ ንዳ› የምትይው!»

ወይዘሮ አስቴር ሳቅ የሚመስል ድምፅ አወጣች። ከዚያም ወረቀቱን ሳታጥፈው፣ ካፊያው እንዳይነካው በነጠላዋ ሸፍና፣ ልጅቷን ይዛ ወጣች። እርሳሱ እጄ ላይ ቀረ። ወደ ልጆቹ ዞሬ ስለ ቅርጽ ማስረዳቴን ቀጠልሁ። የጻድቁንና የክፉውን ነገር ግን ከዚያ ወዲያ አላነሣሁም።

ታክሲው ሁርሊንግሃም ደረሰ። ስወርድ ሹፌሩ ሊሰናበተኝ ፊቱን ወደ እኔ መለሰ። ሁለት ዓይን፣ ሁለት ጉንጭ። ያን ሁሉ መንገድ አብሬው የመጣሁት ሰው እሱ መሆኑን ለመቀበል ጥቂት ጊዜ ወሰደብኝ።