ይሉኝታ በአሸተን መንገድ

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለ ሰው ስሜትና ጠባይ ትማራለች። ለእረፍት ስትመጣ እኔ ሽሮ ስነፋ እሷ አጠገቤ ተቀምጣ ታነብልኛለች፤ ጭንቀት፣ ድባቴ፣ ስጋት፣ መተማመን። ከአራተኛ ክፍል ያላለፍኩ ስለሆንኩ፣ ይህ ሁሉ ትምህርት ቤት የሚገባ ነገር አይመስለኝም ነበር። ሰሞኑን «እማዬ፣ ይሉኝታን ምን ብዬ ላስረዳ? ፍርሃት ነው ወይስ ኀፍረት?» አለችኝ። ወንፊቱን አስቀመጥኩ። ተራራ ላይ ያለችው የአሸተን ማርያም ገደል ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

አሥራ አምስት ዓመት ቢሆነኝ ነው። በፍልሰታ ጓደኛዬ ብርቄና ታላቅ ወንድሟ ሞላ፣ የተራራ መንገድ የማላውቀውን የከተማ ልጅ እኔን ለቅዳሴ ይዘውኝ ወጡ። ሲወጡ ዓይን ወደ ላይ ነው፤ ገደሉን ልብ አላልኩትም። ቅዳሴ ወጥቶ፣ የገብስ ዳቦ ቀምሰን መውረድ ስንጀምር ግን ዝናቡ አባርቶ ድንጋዩ ያንሸራትት ነበር። አንድ ቦታ ላይ መንገዱ ይጠባል፤ በአንድ በኩል አለት፣ በሌላው ባዶ። ባዶውን ጉም ሞልቶታል። ጉም ያለበት ገደል ይብሳል፤ ጥልቀቱን ሰው በልቡ ይሠራዋል። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት አንዲት አህያ ከነጭነቷ እዚያ መግባቷን ሰምቼ ነበር።

«ልያዝሽ?» አለኝ ሞላ።

«ኧረ ደህና ነኝ» አልኩ።

«የከተማ እግር!» ብላ ብርቄ ሳቀች። «አብሽሪ፣ ደርሰናል!»

በእኛ አገር ብሉ ስንባል «በልቻለሁ» እንላለን፤ ጋባዡ «በሞቴ» ሲል እንቀርባለን። እኔም ሞላ ደግሞ እስኪለምነኝ ጠበቅሁ። እሱም ይሉኝታ አለበት፤ የሰው ሴት ልጅ እጅ ልያዝ ብሎ ሁለቴ አይለምንም። ሄዱ። ጉሙ ዋጣቸው፤ የብርቄ ሳቅ ብቻ ከታች ይሰማኛል።

ጀርባዬን አለቱ ላይ ለጥፌ ቆምኩ። እግሬን ማንሳት አቃተኝ። አንዴ ብጮህ ይመለሱ ነበር። ግን «የእገሌ ልጅ ገደል ላይ አለቀሰች» ይሉኛል ብዬ አልጮህኩም። መሞትን እየፈራሁ፣ ከመሞት ይልቅ ወሬውን ፈራሁ።

ከላይ በኩል የዘንግ ድምፅ መጣ። አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት፣ ነጠላቸውን አገልድመው፣ አጠገቤ ደረሱ። ፊቴን አዩት። ፈራሽ ወይ አላሉኝም።

«እሰይ፣ ሰው አገኘሁ! ጉም ሲሆን እፈራለሁ ልጄ። ያዢኝ እስቲ፣ በማርያም።»

በማርያም ተለምኜ እንዴት እምቢ እላለሁ? እጄን ሰጠኋቸው። የእሳቸው እጅ ሻካራና ሙቅ ነበር። በገደሉ በኩል እሳቸው ሆኑ፤ ያኔ ልብ አላልኩትም። «ቀስ በይ፣ አትጎትቺኝ!» ይሉኛል፣ የሚጎትቱኝ እሳቸው። መሐል ላይ እግሬ ተንሸራተተና አንድ ድንጋይ ወደ ጉሙ ገባ። ሲያርፍ አልሰማሁትም። እጄን እስኪያመኝ ጨበጡት። «ወይኔ፣ ልትጥዪኝ ነበር!» ብለው ተቆጡኝ።

መንገዱ ሲሰፋ ብርቄና ሞላ ቆመው ይጠብቁኛል።

«እማማን ደግፈሽ ነው የዘገየሽው?» አለችኝ ብርቄ።

«ባትኖር ገደል ገብቼ ነበር» አሉ ሴትየዋ ሁለቱም እንዲሰሙ። ከዚያ መረቁኝና ዞረው በመጡበት ተመለሱ። ቤታቸው ለካ ላይ ነው። ያንን ጠባብ መንገድ እንደ ፍየል ሲወጡት አየሁ።

ለልጄ ይህን ስነግራት «ጎበዝ ሴት ናቸው፣ ሳይፈሩ ፈራሁ አሉሽ» አለች። እኔም ብዙ ዘመን እንደዚያ ነበር የማስበው፤ ለእኔ ብለው ዋሹ እላለሁ። ልጅ ከወለድኩ ወዲህ ግን እጠራጠራለሁ። ልጄ ደውዬላት ስልኩን ሳታነሳ ስትቀር፣ ደልዳላ መሬት ላይ ቆሜ ያ ገደል አፋፍ ላይ የቆምኩ ይመስለኛል። የሰው ልጅ ገደል አፋፍ ላይ ስትንቀጠቀጥ ያዩ እናት አልፈራሁም ቢሉ ነበር ውሸቱ።