አራት ጉድጓድ ያለው ዳቦ

እናቴ የፋሲካን ዳቦ ስታቦካ አትቀምስም። ሊጡ ቅቤ አለው፣ ማር አለው፣ ዕንቁላልም ተመትቶ ገብቶበታል፤ ጾሙ ግን ገና አልተፈታም። ስለዚህ መብቃቱን የምታውቀው በእጇ ነው። ከሊጡ ጭብጥ ታደርግና ጣቶቿን ቀስ ብላ ትከፍታለች። ከመዳፏ ላይ እንዴት እንደሚለቅ አይታ «ገና ነው» ወይም «በቃው» ትላለች። የእንስላል ፍሬ አሽታ ትነሰንስበታለች። ከዚያ በቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ተቀቅለው የቀሉ አራት ዕንቁላሎችን ከነቅርፊታቸው ሊጡ ላይ እስከ ወገባቸው ትቀብራለች፤ በእያንዳንዱም ላይ ከሊጥ ያድበለበለቻቸውን ሁለት ቀጫጭን ገመዶች በመስቀል አምሳል ታሳርፋለች። በኮባ ቅጠል ሸፍና፣ ከላይ ሌላ ምጣድ ደፍታ፣ ከሥርም ከላይም እሳት ትሰጠዋለች።

ዕንቁላሎቹ እያንዳንዳቸው ባለቤት አላቸው። አንዱ የእኔ ነው፣ አንዱ የእሷ፣ አንዱ ካረፈ ሦስት ዓመት የሆነው የአባቴ ነው። የአባቴን በፋሲካ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ለተቀመጠ ነዳይ ትሰጥለታለች። አራተኛው በዓመቱ ውስጥ ለቤታችን ደግ ለዋለ ሰው ነው።

ይህን ዳቦ የመንደራችን ሰው የፖርቱጋል ዳቦ ይለዋል። በእናቴ በኩል ከብዙ ነገሥታት በፊት ጠመንጃ ይዞ ከባሕር ማዶ የመጣ፣ እዚሁ አግብቶ የቀረ አንድ ሰው አለን። የሰውየው ሃይማኖት፣ ካቶሊኩ፣ ከሀገር ሲባረር ልጆቹ ተዋሕዶ ሆነው ቀሩ፤ ቋንቋውን ረሱት፣ መልኩም ከእኛ ጠፋ። የቀረን የወጥ ቤት ነገር ብቻ ነው። እናቴ ጎመን እንደ ፀጉር አቅጥና ከትፋ ከነጭ ሽንኩርት ጋር ሾርባ ታደርገዋለች። ሥጋ በኮመጠጠ ጠጅ ሦስት ቀን ትዘፈዝፋለች። ጎረቤት ያያል፣ ይስቃል፣ ሲጋበዝ ግን ይበላል። እኔም በልጅነቴ ምንም ነገር ሆኖ አልታየኝም ነበር።

ማፈር የጀመርሁት ዘንድሮ ደብረ ታቦር ቅኔ ቤት ከገባሁ ወዲህ ነው። ንጉሡ ያመጧቸው ፈረንጆች ጋፋት ላይ ብረት ያቀልጣሉ፤ አንዳንድ ቀን በበቅሎ በደጃችን ያልፋሉ። ተማሪዎቹ ሲያዩአቸው የማይሉት ነገር የለም። ከጋይንት የመጣ አንድ ረጅም ጓደኛችን አለ፣ ቀልደኛ ነው። እሱ አንድ ቀን፣ በሌላ ጉባኤ ቤት አንድ ተማሪ ከፈረንጅ ቤት በልቶ ተገኘና «ካቶሊክ» ተብሎ ተባረረ ብሎ አወራን። ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ቤታችን የሚጋገረውን ግን ለማንም አላወራሁም።

መባረርን እጅግ እፈራለሁ። እናቴ ብቻዋን እህል እያሳጨደች እኔን የላከችኝ አንድ ቀን መሪጌታ እሆን እንደ ሆነ ብላ ነው። የኔታም ዓይናቸው አያይም እንጂ ማን እንደሚተጋ በእግሩ ኮቴ ያውቃሉ። ውሃ የምቀዳ መጀመሪያ እኔ ነኝ፣ እግራቸውን የማጥብ እኔ ነኝ። ከተማሪው ሁሉ ፊት «ይህ ልጅ ጭምት ነው» ያሉኝ ቀን እንደ ተሾመ ሰው ሆኜ ነበር።

ታዲያ በቀዳም ሥዑር ማለዳ የኔታ «ቤታችሁ ቅርብ የሆነ ሂዱና ለፋሲካ የተዘጋጀላችሁን አምጡ፣ አብረን እንፈስካለን» አሉን። የእኛ መንደር ከገሳይ ወዲህ ነው። ስደርስ እናቴ ምጣዱን ልትገልጥ እሳቱን ስትጠርግ አገኘኋት።

«እማዬ፣ ለየኔታ የሚሆነውን ያለ ዕንቁላል ብታደርጊውስ?» አልኋት፣ ዘግይቼ።

«ያለ ዕንቁላልማ ዳቦ ነው!» ብላ ሳቀች። «እሱንማ ሁሉም ይጋግራል። አራተኛው ዘንድሮ የየኔታ ነው። ይህን፣ በጣም የቀላውን፣ በእጃቸው አስይዛቸው። የአባትህንም እዚያው ደብሩ ደጅ ለነዳይ ስጥልኝ። የእኔን አንተው ብላልኝ።»

ዳቦውን በነጠላ ጠቅልላ አሸከመችኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ።

ከዓርብ ጀምሮ እህል ውሃ በአፌ አልዞረም፣ አክፍሎት ይዣለሁ። የቅቤው ሽታ ከጀርባዬ ይከተለኛል። የማስበው ግን ስለ ረኃቤ አልነበረም። ጋይንቴው ነጠላውን ሲገልጠው፣ ቀይ ዕንቁላል ከነቅርፊቱ ዳቦ ውስጥ ተሰክቶ ሲያይ፣ የሚለውን ነበር የማስበው። ግማሽ መንገድ ላይ ከምንጭ አጠገብ አንዲት ወይራ አለች። ከሥሯ ተቀመጥሁ። የሊጡን መስቀሎች በጥፍሬ ላጥሁና ዕንቁላሎቹን አንድ በአንድ ፈልፍዬ አወጣሁ። ገና ትኩስ ነበሩ። ከወይራዋ ሥር ቀበርኋቸው፣ ድንጋይም ጫንሁባቸው። ጣቴ ላይ የቀረውን ቅቤ በሣር ደጋግሜ ጠረግሁ፣ ሳላውቅ ልሼ ጾሜን እንዳልገድፍ። ያን ያህል ጥንቁቅ ነበርሁ።

የየቤቱ ዳቦ የተቆረሰው የፋሲካ ዕለት ረፋድ ላይ ነው። የኔታ እንደ ልማዳቸው ከመባረካቸው በፊት የእያንዳንዱን ቤት ዳቦ በእጃቸው ዳሰሱ። የእኔ ዘንድ ሲደርሱ ጣታቸው ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። ሁለተኛውን አገኙ፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን።

«ይህ ምንድን ነው?»

አፌን ስከፍት ምን እንደምል አላውቅም ነበር። «አይጥ ነው፣ የኔታ» አልሁ።

«አይጥ? አራቱን ማዕዘን አስተካክሎ?»

«የእናቱ ቤት አይጥ ዳዊት ደግሟል፣ የኔታ» አለ ጋይንቴው። «አራቱን ወንጌላውያን ቆጥሮ ነው የበላ!»

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። የኔታ አልሳቁም። «ልጄ፣ አይጥ ለመሆኑ እርግጠኛ ነህ?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«አዎ፣ የኔታ። ቤታችን አይጥ ይበዛል።»

«እንግዲያውስ አይበላም። አይጥ የነካው ርኩስ ነው።»

ለውሾቹ ተጣለ። የእናቴ ማር፣ የእናቴ ቅቤ፣ በሁለት ወር ጾም ያጠራቀመችው ዕንቁላል ያለበት ሊጥ፣ ሁለት ውሾች ተናከሱበት። የኔታ ከራሳቸው ድርሻ ቆርሰው ሰጡኝና «አይክፋህ፣ የድሀ ቤት ነው» አሉኝ። በላሁት። እስከ ዛሬ ከበላሁት ሁሉ የማፍረው በዚያ ጉርሻ ነው።

ነዳዮቹ ደጅ ተቀምጠው ነበር። ለአባቴ የምሰጥለት አልነበረኝም። በጓሮ በኩል ዞሬ ገባሁ።

በማግስቱ፣ በማዕዶት ሰኞ፣ እናቴ በእንስራ ጠላ አዝላ መጣች። የኔታን ጉልበት ስማ፣ ደስ ብሏት፣ ገና ሳትቀመጥ፣ «የኔታ፣ የአንቱ ዕንቁላል እንዴት ሆኖ ደረሰ? ሳይሰነጠቅ?» አለች።

«የምን ዕንቁላል፣ ልጄ?»

«ዳቦው ላይ የነበረው። አራቱ። በጣም የቀላው የአንቱ ነው ብዬ ልኬ ነበር።»

ጋይንቴው ተነሥቶ መቀመጫ ሰጣት። ከዚያ፣ ሊረዳት ፈልጎ ይመስለኛል፣ «እናታችን፣ ዳቦውን እኮ አይጥ በልቶት ነው የመጣ። ልጅዎ ነው የነገረን፤ ቤታችን አይጥ ይበዛል ብሎ» አላት።

እናቴ አየችኝ። እኔ የእንስራውን አፍ አየሁ። እናቴ ቤት አይጥ የለም። ሁለት ድመት አላት፣ የእህሉ ጎታም በጭቃ የተመረገ ነው፤ ለማርያም ማኅበር ዝክር የሚጋገረው በእሷ እጅ የሆነው ቤቷ ንጹሕ ስለ ሆነ ነው።

«አዎ» አለች። «አይጥ አለ ቤታችን። ዘንድሮ በዝቶብናል። ይቅር በሉኝ፣ የኔታ፤ ሳላይ ነው የላክሁት።»

ነጠላዋን አጣፍታ ጠላውን መቅዳት ጀመረች። ሁለት ተማሪዎች ዋንጫቸውን ሲቀበሏት ወደ ውስጡ ጎንበስ ብለው አዩ። ይህንንም አየች።

ልሸኛት ስወጣ እስከ ምንጩ ድረስ ከፊቴ ፊቴ ሄደች። እዚያ ስንደርስ፣ «የአባትህን የት አደረግኸው?» አለችኝ።

ወይራዋን አሳየኋት። ድንጋዩን አንሥቼ በእጄ ቆፈርሁ። ሦስቱ ድንጋዩ ተጭኗቸው ደቀዋል፣ ጉንዳን ወርሷቸዋል። አንዱ ደህና ነበር። በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው።

«እማዬ፣ እነሱ ፊት ለምን አይጥ አለ አልሽ?»

«ልጇ ዋሾ ነው ከምባል ቤቷ አይጥ አለ ብባል ይቀለኛል» አለችና መንገዷን ቀጠለች። መለስ ብላም አላየችኝ።

ተመልሼ የኔታን ብቻቸውን አገኘኋቸው። ተንበርክኬ «የኔታ፣ አይጡ እኔ ነኝ» አልሁ፤ ሁሉንም ነገርኋቸው፣ የፖርቱጋሉን ሰውዬ ጭምር። ያባርሩኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«ሁለት ጊዜ ጠይቄህ ነበር» አሉ። «እናትህ አይጥ አለ ያለችው በማን ፊት ነው?»

«በሁሉም ፊት፣ የኔታ።»

«አንተ ደግሞ የነገርኸኝ በጆሮዬ ነው።»

ስለዚህ በማግስቱ ጉባኤው እንደ ተሰበሰበ ተነሥቼ ቆምሁ። ድምፄ እየተቆራረጠ ተናገርሁ፤ ቤቷ ንጹሕ መሆኑን፣ ዕንቁላሎቹን በገዛ እጄ ፈልፍዬ መቅበሬን፣ ያፈርሁበትንም ዘር። ማንም አልሳቀም። እንዲስቁ ፈልጌ ነበር።

«ቀበርኸው?» አለ ጋይንቴው በመጨረሻ። «ታዲያ ትንሣኤ አይደል? እስካሁን ጫጩት ሆኖ ተነሥቶ ይሆናል!»

ያኔ ሳቁ። ስለ ዘሬ የጠየቀኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የጠየቀኝም ያ ጠመንጃ አሁን የት አለ ብሎ ነው። ሳቁ ሲበርድ የኔታ፣ «ለመሆኑ ያ ዳቦ ምን ምን ይገባበታል?» አሉኝ። እንደ ቀለም ቆጠርሁላቸው፦ ስንዴ፣ ቅቤ፣ ማር፣ እንስላል፣ ዕንቁላል።

«መብቃቱ በምን ይታወቃል?»

«በእጅ፣ የኔታ።»

«በእጅ እንዴት?»

ስንት ዓመት ስታቦካ አጠገቧ ተቀምጬ በልቻለሁ እንጂ እጄን አስገብቼ አላውቅም።

«እንግዲህ ሂድና ተምረህ ና። ራስህ ጋግረህ፣ ከነዕንቁላሉ ታመጣለህ። ውሾቹ የበሉብንን ትከፍለናለህ።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሄድሁ። እናቴ ከየኔታ መላኬን ስነግራት ገበታውን አውርዳ ዱቄቱን ነፋችልኝ። ወንድ ልጅ ሲያቦካ ለማየት ጎረቤቶች በር ላይ ቆመው ይሣሣቃሉ። እሷ ግን አልሳቀችም። ጾሙ ተፈትቷልና ልቀምስ ጣቴን ወደ አፌ ሳነሣ እጄን ያዘችኝ። ከሊጡ ጨበጥሁ፣ ጣቶቼንም እንደ እሷ ቀስ ብዬ ከፈትሁ። መዳፌ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ፊቷን ለማየት አልደፈርሁም፣ እጄን ብቻ ዘረጋሁላት።

እጄን አየችው።

«ገና ነው» አለች።