ለሁለት የተከፈለው መድኃኒት

የጠሀን ጫማ ሱቅና የእኔን ፋርማሲ የሚለያቸው አንድ ግድግዳ ነው። ሰፈራችን አዲስ ከተማ ውስጥ ጫማ የሚሸጥ ሞልቷል፤ ጠሀ ግን ቁጥርህን ሳትነግረው እግርህን አይቶ ልክህን ያወጣልሃል። ይህ ሰው በዕድሜው ብቻውን የበላው ነገር ያለ አይመስለኝም። በስምንት ዓመት ከሚያንሰው ታናሽ ወንድሙ ከነስሩ ጋር አንድ ሱቅ፣ አንድ ቤት፣ አንድ ትሪ ነበራቸው። አንዲት ሳምቡሳ ብትደርሰው እንኳ ለሁለት ይቆርሳታል። እኔም፣ "አንተ እኮ ጉንፋን ቢይዝህም ታካፍለዋለህ" እያልኩ አሾፍበት ነበር።

ሚሊኒየሙ ሊገባ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ጠሀን ጨጓራው አላስቀምጥ አላስተኛ አለው። ተልባ ጠጣ፣ አጃ ጠጣ፣ ሲብስበት ተመረመረና የጨጓራ ባክቴሪያ ተገኘበት። የታዘዘለትን ሦስት ዓይነት መድኃኒት የሰጠሁት እኔ ነኝ። "ጠዋትና ማታ፣ ለሁለት ሳምንት" አልኩትና በየካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ ጻፍኩለት። ከተቀነሰ ባክቴሪያው እንደማይሞት ግን አልነገርኩትም። ሰው ተሰልፎ ነበር፤ ደግሞስ ማን ጠየቀኝ! እንዲህ ነው ሥራ የምንሠራው።

ነስሩንም በዚያው ሰሞን ሆዱን ያቃጥለው ነበር። ጠሀ፣ "ከአንድ ትሪ እየበላን የእኔ በሽታ አንተን ሊምርህ ነው?" አለና መድኃኒቱን አካፈለው። የጠዋቱን ጠሀ፣ የማታውን ነስሩ። አንዲት ፍሬ ሳያጎድሉ ሁለት ሳምንት ዋጡ። ለሁለቱም ቀለል አላቸው፤ ነስሩም ሐኪም ቤት መሄዱን ተወው። እኔ ይህን ያኔ አላወቅኩም።

በዓመቱ የጠሀ ሕመም ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ሚስቱ ፊቱ እየቆመች ሙሉውን አስዋጠችው፤ እንደገና ተመርምሮም ነጻ ሆነ። ነስሩ በዚህ ጊዜ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ የራሱን ሱቅ ከፍቶ ወጥቷል። ጠሀ "አንተስ?" ብሎ አልጠየቀውም፤ ነስሩም ሲያመው ተልባውን እየጠጣ ዝም አለ።

በ2007 ዓ.ም. ነስሩ ምግብ አልወርድ አለው፤ ሱሪው ከወገቡ ይንሸራተት ጀመር። በኢንዶስኮፒ ሲታይ ካንሰር ሆኖ ተገኘ፤ ያውም ጉበቱ ጋ ደርሷል።

ጠሀ ሐኪሟን ከምን እንደመጣ ጠየቃት።

"በሕዋሶቻችን ውስጥ መባዛትን የሚገቱ ዘረመሎች አሉ፤ እንደ መኪና ፍሬን ያስቧቸው" አለችው። "ባክቴሪያው ጨጓራን ለዓመታት ሲያቆስል፣ ሕዋሶቹ ቁስሉን ለመጠገን ሳያርፉ ይባዛሉ። በዚህ መሃል ፍሬኑ ሊበላሽ ይችላል። ያኔ የሚያቆማቸው የለም።"

"የተበላሸውን ከአባታችን ወርሶት ቢሆንስ?"

"በዘር የሚመጣም አለ፤ የወንድምዎ ከየት እንደሆነ ግን አላውቅም። ባክቴሪያው ያለበት ሁሉ በካንሰር አይያዝም። ቀደም ብሎ በደንብ ታክሞ ቢሆን ግን አደጋው ይቀንስለት ነበር።"

ጠሀ ከዚያ በቀጥታ ወደ ፋርማሲዬ መጥቶ መድኃኒቱን እንዴት እንደተካፈሉት ነገረኝ። "ላድነው ብዬ እንጂ ልጎዳው ብዬ ነው?" አለኝ። መድኃኒቱን በሰጠሁት ቀን ሁለት ዓረፍተ ነገር ብጨምርለት ኖሮ ምን ነበረበት? እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ጠሀ ለነስሩ መንገር ፈራ። ሳይነግረው እንዳይሞትበትም ፈራ። "ኋላ ማን አፉ ብሎ ይቅር ይለኛል?" እያለ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሆስፒታል ተመላለሰ፤ በየቀኑ አልጋው ሥር ተቀምጦ ስለ ሱቅ አውርቶ ይመለሳል። ነስሩ ደግሞ ዕለት ዕለት ይመነምናል።

በመጨረሻ አንድ ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ነገረው። ነስሩ በአራተኛው ቀን ሞተ።

ለቅሶው ላይ አጠገቡ ተቀምጬ "ነገርከው?" አልኩት።

"ነገርኩት።"

"ምን አለህ?"

"'አፉ ብዬሃለሁ ጋሼ፣ አላህም አፉ ይበልህ' አለኝ።"

እኔ እፎይ አልኩ። እሱ ግን አልጨረሰም ነበር።

"ከዚያ ደግሞ፣ 'ሂድ ተመርመር ብትለኝ እኮ እሄድ ነበር። አንተ ብለኸኝ መቼ እምቢ ብዬ አውቃለሁ?' አለኝ" አለና ፊቱን በፎጣው ሸፈነ።

"ምነው በሰደበኝ!"