ከጋሼ ወለል ሥር

ልብስ ሰፊዋ ስለ ጋሼ ስታወራ ከመጽሐፋቸው አትጀምርም፤ የምትጀምረው ከኮታቸው ቁልፍ ነው። "ሐሳብ ሲይዛቸው ቁልፉን ይጠመዝዙታል፣ ጠምዝዘው ጠምዝዘው ይነቅሉታል። ከዚያ ወርደው 'ልጄ፣ ይቺም ከዳችኝ' ብለው እጄ ላይ ያስቀምጡልኛል" ትላለች እየሳቀች።

ጋሼ ከእሷ በላይ ባለችው ክፍል የሚኖሩ ጸሐፊ ነበሩ። ስለ ነፍስና ስለ ውስጥ ሰላም ተራው ሰው በሚገባው አነጋገር በመጻፍ በዚያ አገር የቀደማቸው አልነበረም። መጽሐፋቸውን አንብቦ መጠጥ እርግፍ አድርጎ የተወ አለ፤ ለዓመታት የተኳረፉ ወንድማማቾች ታርቀውበታል። ምን አለፋችሁ፣ ወደ ክፍላቸው የሚያወጣው ደረጃ አመስጋኝ አጥቶ አያውቅም።

እሷ ደግሞ ከታች የስፌት መኪናዋን ስታንኳኳ ትውላለች። ሁለት ሴት ልጆቿን የምታሳድገው እዚያች ክፍል ውስጥ በምትሰፋው የተማሪ ዩኒፎርም ነው። መጀመሪያ ሰሞን ተሳቅቃ፣ "ጋሼ፣ ረበሽኩዎት አይደል?" ብትላቸው፣ "ዝም ብለሽ ስፊ!" ብለዋት ወጡ። ቁጡ ነበሩ እኮ! ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ስለ ትዕግሥት ያን ሁሉ የጻፉት ሰውዬ ሻያቸው ከቀዘቀዘ ግቢው ይሸበር ነበር።

ከአንባቢዎቻቸው አንዷ መነጽራም መምህርት ናት። አንድ ቀን ጋሼን ልትጠይቅ መጥታ የመኪናው ድምፅ ከወለሉ ሥር ሲንጓጓ ሰማች። "እኚህን የመሰሉ ሰው በዚህ ጫጫታ ውስጥ!" አለችና ጓደኞቿን አስተባብራ አከራይዋ ዘንድ ሄደች። አከራይዋም ለልብስ ሰፊዋ፣ "ምን ላድርግ እህቴ፣ ትልቅ ሰው ናቸው። ወሩ ሲያልቅ ክፍሉን ልቀቂልኝ" አለቻት።

ልብስ ሰፊዋ ክው አለች። የት ትግባ? ደንበኞቿ በሙሉ የዚያው ሰፈር ሰዎች ናቸው። ለጋሼ እንዳትነግር፣ ያስባረሯት እሳቸው ቢሆኑስ? ምናልባት ቢተዉኝ ብላ መኪናዋን በጨርቅ ሸፍና በእጇ ትሰፋ ጀመር። ጣቶቿ በመርፌ ተበሳሱ።

ጥቂት ቀናት እንዳለፉ ጋሼ እየተቆጡ ወረዱ። "ምነው መኪናው? ተበላሸ እንዴ? ይኸው አንዲት መስመር መጻፍ አቃተኝ!"

እያለቀሰች የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። ጋሼ በቤት ጫማቸው ብድግ ብለው አከራይዋ በር ላይ ቆሙ። "እሷ የምትወጣ ከሆነ እኔም ዕቃዬን ልሰብስብ!" አሉ። በዚያው ነገሩ አለቀ።

ተመልሰው በርጩማዋ ላይ ቁጭ አሉና፣ "እኔ ልጄ፣ ጭር ባለ ቤት ስቀመጥ የሚሰማኝ የራሴ ጭንቀት ብቻ ነው። አንቺ ስትሰፊ ግን ከታች አንድ ሰው ሥራውን እየሠራ ነው እላለሁ። አፍሬ እጽፋለሁ" አሏት። ልብስ ሰፊዋ ይህን ዛሬም ታነሳዋለች። እሳቸው ባይኖሩ ልጆቿን ይዛ የት በወደቀች!

ጋሼ ሲያርፉ አንባቢዎቻቸው የእሳቸውን ክፍል ተከራይተው በዝምታ የሚቀመጡባት አደረጓት። መጀመሪያ የተሰበሰቡ ቀን ልብስ ሰፊዋ ማንም ሳይነግራት መኪናዋን አቁማ በጨርቅ ሸፈነችው። ትንሽ ቆይቶ ደረጃው ላይ ኮቴ ተሰማ። ቀና ስትል መነጽራሟ መምህርት በሯ ላይ ቆማለች።  ደግሞ ምን አጠፋሁ?

"ይቅር በይኝ እህቴ" አለች መምህርቷ፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሳ። "ላይ ተቀምጠን ቤቱ ጭር አለብን። የእውነት የሞቱ ያህል ተሰማን። እባክሽ፣ ስፊልን።"

 ልብስ ሰፊዋ ጨርቁን ገልጣ መርገጫውን ረገጠች፣ መኪናው ተነሳ። መምህርቷ ወደ ላይ አልተመለሰችም፤ ጋሼ ይቀመጡበት የነበረው በርጩማ ላይ ቁጭ አለች። እንባዋ እየወረደ በሐሳብ ጭልጥ ብላ የሹራቧን ቁልፍ ትጠመዝዛለች።

ድንገት ነቃ ብላ እጇን ሰበሰበች።

"ግድ የለም፣ ጠምዝዢው" አለቻት ልብስ ሰፊዋ። "ሲነቀል እሰፋልሻለሁ።"