ሲራክን ወዲያ ውሰድልኝ

ጀማነህ ክፉ ሰው አይደለም። ካላመናችሁ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ ዋይትሆል የሚባለው ሰፈር ሄዳችሁ ጎረቤቶቹን ጠይቁ። በረዶ ሲጥል የራሱን ደጅ ሳይጠርግ የአሮጊቷን ደጅ የሚጠርግ እሱ ነው። ኤርፖርት ውስጥ ከፓርኪንግ ወደ ተርሚናል መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል ይነዳል፤ የሰው ሻንጣ ሲያነሳም ለወገቡ አይሳሳም። ብቻ ቅናት ያዘው። ቅናት ደግሞ እንደ ጉንፋን ነው፣ ይሄ ደግ ሰው ነው ብሎ አያልፍም።

የቀናውስ በማን መሰላችሁ? በአበልጁ በዘውዴ! የልጁን የኤልያብን ክርስትና ባነሳለት ሰው! ሱዳን አብረው ተሰደው፣ ኮሎምበስ ሲገቡ አንድ ፍራሽ ላይ ተኝተው፣ አንድ ካፖርት በፈረቃ ለብሰው ኖረዋል። በኋላ ዘውዴ ከከተማው ወጣ ብሎ ካናል ዊንቸስተር ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ሱፐርቫይዘር ሆነና እዚያው አዲስ ቤት ገዛ። ያን ጊዜ ጀማነህ ቅር አላለውም፤ እንዲያውም ሶፋውን ተሸክሞ ያስገባለት እሱ ነበር። ቤት እኮ ቤት ነው። የልጅ ነገር ግን ሌላ ነው።

ነገሩን ያመጣችው ኳስ ናት። ጀማነህ በወጣትነቱ ባህር ዳር ለአንድ ፋብሪካ ቡድን ተጫውቷል፤ ፍጹም ቅጣት ምት ሲገኝ "ጀማነህ ይምታ!" የሚባልለት ሰው ነበር። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ልጁን ኤልያብንና የዘውዴን ልጅ ሲራክን ይዞ ፓርክ ይወርዳል። "ቀና አትበል! ዓይንህ ኳሷ ላይ! ከመታሃት በኋላ እግርህን አታቁመው፣ ተከተላት!" እያለ ሲጮህባቸው ይውላል። ልጆቹ ሃይስኩል ሲገቡ የአሜሪካን ፉትቦል አሰልጣኝ አያቸውና ሁለቱንም ኪከር አደረጋቸው።

ኪከር ማለት፣ ያ ሰው በሰው ላይ የሚከመርበት ግብግብ ጋብ ሲል ገብቶ፣ ኳሷን በሁለቱ ቢጫ ብረቶች መሀል የሚለጋ ልጅ ነው። ከገባች ጀግና፣ ከሳታት ጉድ። ታዲያ አንድ ቡድን የሚያሰልፈው አንድ ኪከር ብቻ ነው። መዘዙም ከዚህ ይጀምራል።

ሁለቱም የከተማውን ትልቁን ዩኒቨርሲቲ ገቡ። ሲራክ በስኮላርሺፕ ገብቶ ቋሚ ተሰላፊ ሆነ። ኤልያብ ደግሞ ያለ ስኮላርሺፕ፣ ሞክር ተብሎ ገባና ማሊያውን ለብሶ ቤንች ማሞቅ ሆነ ሥራው። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ቡድኑ ሲጫወት፣ ኮሎምበስ የቡድኑን ቀይ ትለብሳለች፤ ሕፃኑም ሽማግሌውም ቀይ ነው። ሻትሉ ውስጥ የሚሳፈረው ሁሉ፣ ጀማነህ ኢትዮጵያዊ መሆኑን ያወቀ ጊዜ፣ "ኦ! ያንን ኪከር ታውቀዋለህ? ሲራክን?" ይለዋል።

"አውቀዋለሁ" ይላል ጀማነህ ጥርሱን ነክሶ። ያስተማርኩት እኔ ነኝ ቢል ማን ያምነዋል? የእኔም ልጅ አለበት ቢል፣ "ስንት ቁጥር ነው?" ብለው ይጠይቁትና ቁጥሩን ሲነግራቸው የሚያውቀው አንድ ሰው አይገኝም። በዚያ ቀን ቤቱ የሚገባው እርር ድብን ብሎ ነው።

ከሁሉ የባሰው ደግሞ የዘውዴ ደግነት ነው። ቢኮራበት፣ ቢንጠባረርበት እኮ አንድ ነገር ነበር፤ ሰድቦት ይገላገላል። ዘውዴ ግን ለቤተሰብ ከሚሰጠው የስታዲየም መግቢያ ለእሱም ያስቀርለታል። ሲራክ መትቶ ሲያገባ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ሲያገሳ፣ ዘውዴ ዞሮ ጀማነህን አንገቱን አቅፎ "የአንተ ሥራ ነው እኮ አበልጄ! የአንተ ሥራ!" ይለዋል። ጀማነህ ያጨበጭባል፣ ከአንገት በላይ። ዓይኑ ግን ከሜዳው ማዶ፣ ቤንች ላይ ትከሻውን አጥብቦ የተቀመጠው ልጁ ላይ ነው።

"ምን ሆነሃል?" ትለዋለች ሚስቱ አፀደ። "ከስታዲየም በመጣህ ቁጥር ከቀብር የመጣህ ትመስላለህ።"

"ልጄ በብርድ አለቀ! የሰው ልጅ ሲያገባ እያጨበጨበ ወጣትነቱን ጨረሰ!"

ኤልያብ ከማቀዝቀዣው በር ጀርባ ብቅ ብሎ "ዳድ፣ አይም ፋይን። ሲራክ ኢዝ ጀስት በተር" ይላል፣ አፉን ሞልቶ እየበላ።

"ማነው የበለጠህ? ዝም በል! የኔ ልጅ አይደለህም እንዴ?"

ዘንድሮ ደግሞ ፖርታል የሚሉት ነገር አለ። ተጫዋቹ ስሙን እዚያ ያስገባል፣ ከዚህ ዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ወደዚያ ይሄዳል፣ የወደደው ይወስደዋል። የድሮ ቤት ሠራተኛ እንኳ እንዲህ በቀላሉ ጌታ አትቀይርም ነበር። ጀማነህ ልጁን "ስምህን አስገባ፣ የሚያሰልፍህ ጋ ሂድ" ብሎ ለመነው፣ ተቆጣው፣ አኮረፈው። ልጁ እምቢ አለ። ትምህርቱ እዚህ ነው፣ ጓደኞቹ እዚህ ናቸው፣ ሲራክም እዚህ ነው። ጀማነህ ታዲያ ምን ያድርግ? የኔ ልጅ አልሄድ ካለ፣ ያኛው ይሂዳ!

እናንተዬ፣ ሰው ሲቀና መልአክ ይቀጥራል።

የሐምሌ ገብርኤል ዕለት ታቦቱ ወጥቶ የቤተ ክርስቲያኑን ፓርኪንግ ሎት ይዞራል። አስፋልቱ ይፋጃል፣ ሕዝቡ ነጠላውን አጣፍቶ ይከተላል። ጀማነህ ግንባሩን ወደ መሬት ደፋ፣ ከዚያ እንዲህ አለ፦ "ገብርኤል ሆይ፣ ክፉ አታድርስበት፤ እሱስ ልጄ ነው፣ በእጄ ያደገ ነው። ብቻ ሲራክን ወዲያ ውሰድልኝ። ቴክሳስም ይሁን ፍሎሪዳ አንተ ታውቃለህ። ቦታውን ለኤልያብ ይልቀቅለት። ይህን ካደረግህልኝ ለታኅሣሥ ጥላ ይዤ እመጣለሁ።" ብሎ ተሳለ። ክፉ አታድርስበት ስላለ ጸሎቱ ንጹሕ መሰለው። ሲነሳም ቀለል አለው።

በመጸው የሆነውን ኮሎምበስ ሁሉ ያውቀዋል። ቡድኑ ያገኘውን ሁሉ እየገረፈ መጣ፤ ሲራክም እያገባ መጣ። ጀማነህ ስታዲየም መሄዱን ትቶ በወገቡ እያመካኘ ቤቱ ተቀምጦ ያያል፤ ሲራክ ኳሷን በለጋ ቁጥር "ሳት! ሳት በላት!" ይላል በሆዱ። የመደበኛው ውድድር የመጨረሻ ጨዋታ ከዋናው ባላንጣ ጋር ነበር። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ሁሉ ነገር በሲራክ እግር ላይ ወደቀ። ቀላል ምት ነበረች። ቀና አለ፤ እግሩም ቆመ። ኳሷ ከብረቱ ውጭ አለፈች፤ ቡድኑም ተሸነፈ።

ጀማነህ ከሶፋው ተስፈንጥሮ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ።

አፀደ ማማሰያውን እንደያዘች ከኩሽና ወጥታ አየችው። "ምን ነካህ ሰውዬ? የዘውዴ ልጅ እኮ ነው!" አለች። ከዚያ ስልኳን አንስታ ዘውዴ ቤት ደወለችና ከሚስቲቱ ጋር ተላቀሰች። "አንተስ አታናግራቸውም?" ስትለው "ነገ ኮል አደርገዋለሁ" አለ። ነገም አላደረገም፣ በሳምንቱም አላደረገም።

ሲራክ ላይ ደግሞ አሜሪካ ስድብ አወረደችበት። ስልኩን ከፍቶ ማየት እስኪፈራ ድረስ ሰደቡት። ሻትሉ ውስጥ አንዱ ቀይ ኮፍያ ያደረገ "ወደ መጣበት ይመለስ" ሲል ጀማነህ በመስታወቱ አየው። ልጁ የተወለደው እዚህ ኮሎምበስ ነው ብሎ ሊመልስ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። "ተርሚናል ደርሰናል" ብቻ አለ። የዚያን ቀን ምሳው አልወረደለትም፤ ግን እኔ ምን አገባኝ አለና ተጽናና።

ብዙም ሳይቆይ ሲራክ ስሙን ፖርታል ውስጥ አስገባ። ራቅ ያለ ዩኒቨርሲቲ "ና" አለው። ከመሄዱ በፊት ዋይትሆል መጥቶ ጎንበስ ብሎ የጀማነህን ጉልበት ሊስም ሲል ጀማነህ ደንግጦ ትከሻውን ያዘው።

"ጋሼ ጀማነህ፣ ያስተማሩኝን አልረሳም። የዚያን ቀን ቀና ብዬ ነው የሳትኩት። እንዳፈሩብኝ አውቃለሁ፤ ለዚያ ነው አይደል ያልደወሉልኝ?"

"አይ... ሥራ በዝቶብኝ ነው ልጄ። በርታ" አለው። ልጁ ከወጣ በኋላ አፀደ አለቀሰች፣ ኤልያብ ክፍሉን ዘግቶ ዋለ፣ ጀማነህ ግን አዲስ አበባ ደውሎ ጥላ አዘዘ። ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያውን የወርቅ ዘርፍ ያለው።

ስለቱ መድረሱማ ደረሰ! ቡድኑ በቀደመ ውጤቱ ለጥሎ ማለፍ በቅቶ ነበርና፣ በታኅሣሥ ለተደረገው ጨዋታ ኤልያብ ተሰለፈ። በረዶው እየወረደ ልጁ ገብቶ መታ፣ አገባ፤ ደግሞ መታ፣ ደግሞ አገባ። ወገቡን ረስቶ ስታዲየም የገባው ጀማነህ በደስታ አበደ። ዞር ሲል ግን ማንን ቢያይ ጥሩ ነው? ዘውዴን! ልጁ ሄዶ፣ የልጁ ስም ጭቃ ላይ ተጥሎ፣ ቀይ ኮፍያውን ደፍቶ "ኤልያብዬ! የኔ ጀግና!" እያለ ድምፁ እስኪዘጋ ይጮሃል። ከአባቱ ይበልጥ ይጮሃል። አስመሳይ! አለ ጀማነህ በሆዱ። እኔ እሱን ብሆን እግሬን እዚህ አላነሳም ነበር። እውነቱን ነው፣ አያነሳም ነበር።

የታኅሣሥ ገብርኤል ደረሰ። ከቅዳሴ በኋላ ስለት የደረሰላቸው እየተጠሩ ወደ ፊት ይወጣሉ፤ ማይኩን የያዙት የሰበካ ጉባኤው ጋሼ ጎሳዬ ናቸው። ጋሼ ጎሳዬ ስለት ያመጣውን ሰው ምን ተስሎ እንደሆነ በጆሮው ይጠይቁትና በማይክ ያስተጋቡታል። ያለ ምክንያት ስለት አይቀበሉም፤ "የመልአኩ ተአምር ይነገር እንጂ፣ ምን ያሳፍራል?" ይላሉ። ጀማነህ ጥላውን ታቅፎ ሰልፍ ሲይዝ ከፊቱ አንድ ሰው ትልቅ ምንጣፍ ጠቅልሎ ተሸክሟል። ዘውዴ ነው።

ይሄ ደግሞ ምን ደርሶለት ነው? አለ ጀማነህ። ልጁ ቤቱን ለቆ ሄዶ?

ዘውዴ በጋሼ ጎሳዬ ጆሮ አንሾካሾከ። ጋሼ ጎሳዬ ማይኩን አነሱ፦ "አቶ ዘውዴ በሐምሌ ገብርኤል፣ የክርስትና ልጃቸው ኤልያብ ጀማነህ ከቤንች ተነስቶ ሜዳ እንዲገባ ተስለው፣ መልአኩ ሰምቷቸው ይህን ምንጣፍ ለመቅደሱ አምጥተዋል! እልል በሉ!"

እልልታው ጣሪያውን ሊነቅለው ደረሰ።

"እርስዎስ አቶ ጀማነህ?"

"እኔም... እኔም ለልጄ" አለ።

"አባትና የክርስትና አባት በአንድ ልብ ተስለው! ይህ ነው ክርስትና! እልል በሉ!" ሴቶቹ እልል አሉ፣ ወንዶቹ አጨበጨቡ፣ አንዲት ባልቴት መጥተው የጀማነህን እጅ ሳሙት። እንዲያ ያለ ውርደት በሕይወቱ ቀምሶ አያውቅም።

ዘውዴ ወጥቶ የመኪናውን መስታወት ከበረዶ እየጠረገ ሳለ ጀማነህ ደረሰበት። ልቡ አላስችል አለው። "ዘውዴ፣ ውስጥ ዋሽቻለሁ። የተሳልኩት ለኤልያብ አይደለም። ሲራክ እንዲሄድልኝ ነው።"

ዘውዴ መጥረጊያውን ይዞ ቆመ። "ልጄ የሳተ ቀን፣ ከዚህ ሁሉ ኢትዮጵያዊ ያልደወልክልኝ አንተ ብቻ ነህ" አለ። "የዚያን ቀን ገብቶኛል።"

"ከገባህ ታዲያ ጨዋታው ላይ ምን ልትሠራ መጣህ? ምንጣፉንስ ለምን አመጣህ?"

"የተሳልኩትን ልቅር?" አለ ዘውዴ። "ኤልያብ ይጫወት አልኩ እንጂ እንዴት እንደሚሆን ለመልአኩ አልነገርኩትም ነበር። በልጄ ይሆናል አላልኩም።" መኪናው ውስጥ ገባና በሩን ከመዝጋቱ በፊት ቀና ብሎ አየው። "ክርስትና ያነሳሁት ኤልያብን ነው፣ አንተን አይደለም።"

ሄደ። ጀማነህ በረዶው ላይ ቀረ። ሳስበው ሳስበው፣ አለ ለራሱ፣ ለልጄ የተሳለለት እሱ ነው፤ እኔ የተሳልኩት በልጁ ላይ ነው። አባትነቱን እንኳ ቀደመኝ! ይህን ሲያስብ ማፈር ሲገባው፣ ማዘን ሲገባው፣ ደረቱ ውስጥ ያቺው የለመዳት እሳት ቦግ አለች። ቀናበት። ቤቱን አይደለም፣ ልጁንም አይደለም፤ ልቡን ቀናበት፤ ይህን ደግሞ ወዲያ ውሰድልኝ ብሎ የሚለምነው መልአክ የለም።

ኤልያብ ነጠላውን እየሰበሰበ ሮጦ መጣ። "ዳድ፣ ዌር ኢዝ ጋሼ ዘውዴ? ፎቶ እንነሳለን ብሎኝ ነበር እኮ።"

"ሄደ" አለው አባቱ። "እኔ ነኝ ያባረርኩት።"